አሮጌ ብስክሌት፦ ላስጠግነው ወይስ ልገላገለው?

ባለሁለት_ጎማ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

አጎቴ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ «ከወሰድከው ውሰደው፣ አለዚያ ለብረት ለቃሚ ልሰጠው ነው» ብሎ የሰጠኝ ብስክሌት አለ። ጥቁር፣ ወፍራም ብረት፣ ከባድ። ለዓመታት ቆሞ ነው የከረመው። ባለ 3 ማርሽ ነው፤ የኋላው ጎማ መሃል ላይ «ስተርሜይ አርቸር» ተጽፎበታል። ሥራ ለመመላለስ ነው የምፈልገው፣ እሽቅድድም አላማረኝም።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። ፍሬኑ ደረቅ ሲሆን ይይዛል፣ ዝናብ ከነካው ግን ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ስረግጥ በየዙሩ «ቋ» ይላል። 3ኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ አንዳንዴ ፔዳሉ ባዶውን ይሽከረከራል፤ በዚሁ ልደፋ ነበር። የጎማዎቹ ጎን ተሰነጣጥቋል። ኮርቻው ደግሞ ከነቱቦው ፍሬሙ ውስጥ ተጣብቋል፣ አይወጣም አይወርድም።

ሁለት መካኒክ አሳየሁት። አንዱ «ማርሹ አልቆለታል፣ ጣለው» አለኝ። ሌላው «እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ የት ይገኛል» ብሎ ሽጥልኝ አለ። ግራ ገባኝ። እናንተ ብትሆኑስ?

---

አዲስ_ይሻላል

አዲስ ግዛ። የአሮጌ ዕቃ ነገር እንዲህ ነው፣ አንዱ ሲድን ሌላው ይታመማል። ዛሬ ፍሬን፣ በሳምንቱ ካቴና፣ ከዚያ ጎማ። ብስክሌት የሚያዘው ለመሄድ ነው እንጂ ጋራዥ ለመመላለስ አይደለም።

---

ሽቦ_ወጣሪ

ቆይ፣ አትቸኩልበት።

ሁለቱም መካኒኮች ጥያቄህን አልመለሱም። አንዱ ማርሹን አየ፣ ሌላው ብረቱን ወደደ። ነገሩ የሚጀምረው ከፍሬሙ ነው። ሌላው ሁሉ ይቀየራል። ፍሬም የሚቀየር ከሆነ ግን ሌላ ብስክሌት ገዛህ ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ወጪ ሳታወጣ በፊት ብስክሌቱን ገልብጠህ አቁመውና በደንብ እጠበው። ቆሻሻ ስንጥቅ ይደብቃል።

ከዚያ መጀመሪያ የምታየው መሪው የሚዞርበት አጭር ቱቦና ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ የሚጋጠሙበትን ቦታ ነው፤ ከሥር በኩል። እዚያ ቀለሙ ከተጨማደደ ወይም ብረቱ በስሱ ካበጠ፣ ብስክሌቱ አንድ ቀን ከፊት ለፊት ተጋጭቷል። ጣትህን አሳልፍበት። ዓይን ያለፈውን ጣት ያገኘዋል።

ቀጥሎ ፔዳሎቹ የሚዞሩበትን ቤት ከሥሩ እይ። በኮርቻው ቱቦ በኩል የገባ ውሃ መጨረሻ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ብረቱ ከውስጥ መበላት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው። የዛገውን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርገው። ቡናማ ዱቄት ረግፎ ከሥሩ ጠንካራ ብረት ካገኘህ የላይ ዝገት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀትና በቀለም ያልቃል። ጫፉ ከሰመጠ ግን ምክሬ አጭር ነው፤ ተወው።

በመጨረሻ ክር። የኋላ ጎማ ከሚታሰርበት ከአንደኛው ጎን አስረህ፣ በመሪው ቱቦ ፊት አዙረህ፣ ወደ ሌላኛው ጎን ወጥረው። ክሩ ከኮርቻው ቱቦ በግራና በቀኝ ምን ያህል እንደሚርቅ በማስመሪያ ለካ። እኩል ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ነው። የ1 ወይም የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንቅልፍ አይንሳህ።

ይህን አድርገህ ተመለስ። ስለ ማርሹ ከዚያ እናወራለን።

---

ማርሽ_ሦስት

ይቅርታ ሽቦ ወጣሪ፣ እኔ ስለ ማርሹ አሁኑኑ ካላወራሁ አያስችለኝም።

ያ «አልቆለታል» ያለህ ሰው ውስጡን ከፍቶ አይቷል? አይመስለኝም። ሞዞው፣ ማለትም የጎማው መሃል፣ ላይ «ኤ ደብልዩ» የሚል የማርሽ ዓይነት ስም ካለ ይህን እወቅ፦ ያ ማርሽ በ2ኛውና በ3ኛው መካከል ባዶ ቦታ አለው። የማርሹ ገመድ ከልክ በላይ ከተወጠረ፣ ወደ 3ኛ ስትቀይር ውስጡ ያለው መያዣ እስከ መጨረሻ አይመለስም። ትንሽ ይይዛል፣ ጠንክረህ ስትረግጥ ይለቃል፣ ፔዳሉም ባዶውን ይዞራል። አንተ ያልከው ቁርጥ ይህንኑ ነው። ብዙ ደህና ማርሽ በዚሁ ሰበብ ተጥሏል።

መጀመሪያ ዘይት ስጠው። ሞዞው ላይ ትንሽ ክዳን ያላት ቀዳዳ አለች። ቀጭን የማሽን ዘይት፣ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨምርና ጎማውን እያሽከረከርክ ተወው። ለዓመታት ከቆመ የድሮው ዘይት ውስጡ እንደ ሙጫ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል አንዴ ጨምረህ፣ ቆሻሻው ፈሶ ሲወጣ እንደገና መድገም ነው። የምግብ ዘይት እንዳታስብ። ግራሶም በዚያች ቀዳዳ አይገባም።

ከዚያ መቀየሪያውን 2ኛ ላይ አድርግ። በኋላ ጎማው በቀኝ በኩል ካለው ረጅም ዳዶ ጎን አንዲት ክብ ቀዳዳ ታያለህ። በእሷ ውስጥ ከትንሿ ሰንሰለት ጋር የተያያዘችው ቀጭን ዘንግ ትታያለች። የዘንጓ ትከሻ ከፔርኖው (ጎማው ከሚዞርበት ብረት) ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ወደ ውጭ ካለፈ ገመዱን አላላ፣ ወደ ውስጥ ከቀረ አጥብቅ። ማስተካከያውን በጣትህ ነው የምታዞረው። ካስተካከልክ በኋላ መጀመሪያ ቀስ ብለህ ሞክረው፣ ቆመህ አትርገጥ።

በነገራችን ላይ ከስሙ አጠገብ የታተመ ቁጥር ፈልግ። ዓመቱንና ወሩን ነው የሚነግርህ። 68 እና 3 ካለ በፈረንጆቹ 1968፣ ሦስተኛው ወር ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ብስክሌቱ ራሱ መቼ እንደተሠራ ለመገመትም ይረዳል፣ ጎማው ካልተቀየረ።

---

አዲስ_ይሻላል

ለአንድ ገመድ ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት?

---

ማርሽ_ሦስት

አዲሱ ብስክሌትህም ገመድ አለው ወንድሜ።

---

ዝናብ_አልፈራም

ሁላችሁም ማርሽ ማርሽ ትላላችሁ፣ እኔን ያስፈራኝ ግን ፍሬኑ ነው።

ማግኔት ካለህ ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ ላይ አስጠጋው። ከያዘው ብረት ነው። በእንዲህ ያለ ብስክሌት ላይ ብረት መሆኑ አይቀርም። ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ ብረት ቸርኬ ሲደርቅ ያምራል፣ ሲረጥብ ግን የፍሬኑ ጎማ እንደ ሳሙና ይንሸራተትበታል። የፍሬን ጎማ ብትቀይር ትንሽ ይሻሻላል፤ የድሮው በዕድሜ ብዛት ደርቆ እንጨት ስለሚሆን መቀየሩ አይቀርም። ነገር ግን ችግሩን ከሥሩ የሚፈታው አሉሚኒየም ቸርኬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። የድሮ የእንግሊዝ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ሽቦ ናቸው። የዛሬ ቸርኬ በአብዛኛው 32 ወይም 36 ቀዳዳ ነው። ባለ 40 አሉሚኒየም ቸርኬ ፍለጋ ስትዞር ልብህ ይደክማል። እኔ የምመክርህ የፊቱን ብቻ መቀየር ነው። ስትቆም ክብደትህ ወደ ፊት ስለሚሄድ ብስክሌትን በደንብ የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው። የኋላው ብረት ሆኖ ቢቀር ትኖራለህ።

አንድ ጥያቄ፦ ፍሬኑ በገመድ ነው ወይስ ከመሪው በሚወርዱ የብረት ዘንጎች? በዘንግ ከሆነ ያልኩህን ሁሉ እርሳው፤ የእነሱ ቸርኬ ቅርጹም ልዩ ነው፣ ፍሬኑም የሚይዘው ከውስጥ በኩል ነው።

---

ባለሁለት_ጎማ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ያላችሁትን አደረግኩ።

መሪው ሥር ምንም ጭምድድ የለም። ፔዳሉ ቤት ሥር ዝገት አለ፣ ካቻቢቴው ግን አልሰመጠም። ክሩ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይለያያል። ማግኔቱ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሏል፣ እህቴ ልክ ነሽ። ፍሬኑ በገመድ ነው። ሞዞው ላይ «ኤ ደብልዩ» እና 71፣ 9 ይላል።

ማርሹን በ2ኛ አድርጌ በቀዳዳዋ ሳይ ትከሻዋ ወደ ውጭ አልፋ ነበር። አላላኋት። አሁን 3ኛው ይይዛል! ገና በጠንካራ ዳገት አልሞከርኩትም።

ጎማ ልገዛ ሄጄ ደግሞ ሻጩ «26 ነው» ብሎ ያወጣልኝ አልገባ አለ። የእኔ ላይ 26×1⅜ ይላል። ቸርኬው ተጣሞ ይሆን?

---

ሽቦ_ወጣሪ

ቸርኬህ ደህና ነው። 26 የሚለው ስም ነው ችግሩ። 26 የሚባሉ ጎማዎች ብዙ ዓይነት ናቸው፣ እርስ በርስም አይገጥሙም። የተራራ ብስክሌት 26 ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ) 559 ሚሊ ሜትር ነው። ያንተ 26×1⅜ ደግሞ 590 ነው። በ31 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፣ በጉልበት የሚሆን አይደለም። ኢንቹን ትተህ ጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ ሰረዝ ቁጥር ጠይቅ፤ 37-590 የሚል ነው የምትፈልገው። 37ቱ ውፍረቱ ነው፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ግድ የለም። 590ው ግን አይነካም። የፊት ቸርኬም ስትገዛ ይህንኑ ቁጥር ያዝ፣ አለዚያ የፍሬኑ ጎማ ከቸርኬው ጋር አይገናኝም። ከመነዳሪው እንኳ ይለጠጣል፣ ያን ያህል አያስቸግርም።

አሁን ወደዚያ «ቋ» ወደሚለው። በ71 የተሠራ ከሆነ የፔዳሉ ክንድ ከፔርኖው ጋር የተያያዘው በሽብልቅ ይመስለኛል። ከጎን የገባች፣ ጫፏ ላይ ትንሽ ዳዶ ያላት ፒን። ፈልጋት። አንዱን ፔዳል ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ አግድም አድርገህ በሁለት እጅህ ሁለቱንም ወደ ታች ጫን። ከዚያ ግማሽ ዙር አዙረህ ድገመው። አንደኛው ክንድ ትንሽ ከተነቃነቀ ሽብልቁ ላልቷል ወይም ተበልቷል። ዳዶዋን ብቻ ማጥበቅ ዘላቂ አይደለም፣ ሽብልቁን ቀይረው። ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ 9 ሚሊ ሜትርና 9.5 የሚሆኑ አሉ፣ በዓይን አይለዩም።

ክንዶቹ የማይነቃነቁ ከሆነና ድምፁ ከመሃል ከመጣ ነገሩ ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል። እዚያ ላይ ግን ቆም በል። ራሌይ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በራሱ ፋብሪካ ይሠራቸው የነበሩ ብስክሌቶች የፔዳል ቤታቸው የብሎን ጥርስ በኢንች 26 ነው፤ የተለመደው 24 ነው። የዛሬው ዝግ ኩሽኔታ ዝም ብሎ አይገባበትም። ብረት ኳሶቹን ቀይሮ በአዲስ ግራሶ መግጠም ይቻላል፣ ኳሶቹ የሚሄዱባቸው ዋንጮች ከተቦረቦሩ ግን ዋንጮቹን ፍለጋ ትወጣለህ።

---

እሁድ_ፔዳል

ውይይቱን እያነበብኩ የራሴን ብስክሌት ማየት ጀመርኩ። የእኔ አሉሚኒየም ነው፣ የፊት ሞላ ያለው የተራራ ብስክሌት። የኮርቻው ቱቦ ከአግዳሚው ጋር የሚጋጠምበት ብየዳ ጎን ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አለች። ቀለም ነው የተሰነጠቀው ወይስ ብረቱ? ማስበየድ ይቻላል?

---

ሽቦ_ወጣሪ

እህቴ፣ ብስክሌቱን ከዛሬ ጀምሮ አትንጂው። ቀለሙን በቀስታ ፍቂውና ብርሃን ላይ እዪው። መስመሯ ባዶው ብረት ላይም ከቀጠለች ፍሬሙ አብቅቷል።

አሉሚኒየም ከተራ ብረት ይለያል። ተደጋጋሚ ጫና ሲያዳክመው ይኖርና ስንጥቁ አንዴ ከጀመረ በፍጥነት ይሰፋል። መበየድ ይቻላል የሚልሽ ይኖራል። ነገር ግን ብዙዎቹ የአሉሚኒየም ፍሬሞች ከተበየዱ በኋላ ጥንካሬያቸውን የሚመልስላቸው የሙቀት ሕክምና ይፈልጋሉ፤ ያ በፋብሪካ እንጂ በመንደር ብየዳ የሚሆን አይደለም። ጎማውን፣ ፍሬኑንና ማርሹን ፍቺና ለሌላ ፍሬም አቆዪው።

ባለሁለት ጎማ፣ ያንተ ብረት ስለሆነ እድለኛ ነህ። ብረት ቢታጠፍ ይቃናል፣ ቢሰነጠቅም የሚያውቅ ሰው ይበይደዋል።

---

እሁድ_ፔዳል

ፈቅኩት። ብረቱ ላይም አለች። በቃ።

---

ቀስ_በቀስ

እዚህ ድረስ ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ። ብስክሌቱ ልክህ ነው ወይ?

ኮርቻው ተጣብቋል ብለሃል። አሁን ባለበት ከፍታ ላይ ተቀመጥና ተረከዝህን ታች ባለው ፔዳል ላይ አድርግ። እግርህ ቀጥ ካለ ከፍታው ለአንተ ይሆናል፣ ተጣብቆ ቢቀርም ችግር የለውም። ጉልበትህ ጎልቶ ከታጠፈ ግን በየቀኑ ስትነዳው ጉልበትህን ያምሃል። ፍሬሙን ከላይ ተሻግረህ በሁለት እግርህ ስትቆም አግዳሚው ከነካህ ደግሞ ብስክሌቱ ራሱ ትልቅ ነው፤ ያን የሚያስተካክል ጥገና የለም። ደህና ብስክሌት እየጠገኑ ልካቸው ያልሆነውን የሚነዱ ሰዎች አያለሁ፣ ይገርመኛል።

ለማላቀቅ የሚሰርግ ዘይት በቱቦው ዙሪያ ጨምረህ አሳድረው፣ በማግስቱ ድገመው። ቸኩለህ በመዶሻ አትምታው። ኮርቻውን አውልቀህ የቱቦውን ጫፍ ትልቅ ሞርሳ ውስጥ አስረህ ፍሬሙን ራሱን በቀስታ እንደ ቁልፍ ማዞር ነው የሚሻለው። ቱቦው ሊበላሽ ይችላል፣ ቱቦ ግን ርካሽ ዕቃ ነው። ዋናው ፍሬሙን መጠበቅ ነው።

ስለ ወጪ ደግሞ፤ ሰው ሲያሰላ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ይደምርና «ውይ፣ አዲስ በገዛሁበት» ይላል። ጎማ፣ የፍሬን ጎማ፣ ካቴናና ገመድ አላቂ ናቸው። አዲስ ብትገዛም ትገዛቸዋለህ፣ ቀኑ ይራዘማል እንጂ። ስለዚህ እነሱን ከአሮጌው ዕዳ ላይ ቀንስ። የሚቀርህ የፊት ቸርኬ፣ ሽብልቅና የመካኒክ ጉልበት ነው። እሱን ነው ከአዲሱ ጋር የምታወዳድረው።

---

አዲስ_ይሻላል

ቀስ በቀስ ያለው የገባኝ ይመስለኛል፣ ግን አንድ ነገር ዘላችሁታል። ይህ ሰው ለሥራ ነው የሚፈልገው። ዋንጩ ቢበላሽ ዕቃው እስኪገኝ በምን ይሄዳል? አዲስ ብስክሌት ሲበላሽ ዕቃው የትም አለ። እሱ 26 ጎማ እንኳ መግዛት አልቻለም!

ደግሞ ክብደቱ። ባለ 3 ማርሽ ከባድ ብረት ለሜዳ ነው። መንገዱ ዳገት ካለው ጠግኖ ጠግኖ መጨረሻ እየገፋው ነው የሚሄደው።

---

ዝናብ_አልፈራም

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ዳገቱ ከበዛ እኔም ሌላ እላለሁ። ከዚያ በፊት ግን ካቴናው የሚያዞረውን የኋላ ባለ ጥርስ ክብ በትልቅ መቀየር ይቻላል። በዚያ ሞዞ ላይ እሱ በቀለበት ሽቦ ነው የተያዘው፣ በካቻቢቴ ይወጣል። ሦስቱም ማርሽ አብረው ይቀላሉ። የ1ኛውና የ2ኛው ልዩነት ስለማይቀየር ተአምር አትጠብቅ። ካቴናው አጭር ከሆነ መቀጠል ይኖርብሃል።

አዲስ ስትል ግን የትኛውን አዲስ ማለትህ ነው? ፊትና ኋላ ሞላ የተደረገለት ርካሹ ብስክሌት ከዚህ ብዙም አይቀልም። ሞላው ከጊዜ በኋላ ይንቋቋል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ሲረገጥም ጉልበትህን ይበላል። ከእሱ ጋር ከሆነ የምናወዳድረው እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ። ሞላ የሌለው፣ ቀላል፣ ደህና ፍሬን ያለው አዲስ ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው። ያገለገለ ሆኖ የቅርብ ዘመን የሆነም አለ፤ ዕቃው ይገኛል፣ የሽቦ ወጣሪን ምርመራ ካለፈ እሱም ጥሩ ነው።

---

ባለሁለት_ጎማ

መንገዴ በአብዛኛው ሜዳ ነው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዳገት አለች። ማርሹ እዚያም አልለቀቀም።

ኮርቻው ከዘይቱ በኋላ ሞርሳ ላይ «ጢቅ» ብሎ ዞረ። ወጣ። ቱቦው ከውስጥ ዝገት ብቻ ነው፣ አዲስ አደርግለታለሁ፤ ውስጡንም ግራሶ ቀብቼ ነው የምከተው። በተረከዝ ለካሁት፣ ከፍ ሲደረግ ልኬ ነው።

ድምፁ ከግራው ክንድ ነው፣ ሲጫን ይነቃነቃል። ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ። ሽብልቆቹን፣ ጎማዎቹን፣ የፍሬን ጎማዎቹንና ገመዶቹን እቀይራለሁ። የፊት ቸርኬ 590 አሉሚኒየም ባለ 32 ይታዘዝልኛል፣ በድሮው ሞዞ ላይ ይወጠራል። ክንዶቹን ሳወጣ የፔዳሉን ቤት ከፍቼ ዋንጮቹን አያለሁ። ከተቦረቦሩና ምትክ ካልተገኘ እዚያ ላይ አቆምና ያገለገለ ፍለጋ እሄዳለሁ። ስለዚህ ቸርኬውን ከማዘዜ በፊት ዋንጮቹን ልይ።

አሁን የያዘኝ ሽብልቁ ነው። ዳዶው ወጥቷል፣ ፒኗ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ልምታት?

---

ሽቦ_ወጣሪ

ዋንጮቹን መጀመሪያ ማየትህ ደግ አደረግክ።

ዳዶውን መልሰህ ከፒኗ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን አስገባው፣ ጥርሱን ይጠብቅልሃል። ክንዱ ሥር፣ ልክ ከፒኗ ጎን፣ ወፍራም ብረት ቱቦ መሬት ላይ አቁመህ ደግፈው፤ ፒኗ በቱቦው ቀዳዳ ውስጥ እንድታልፍ ነው። ሳትደግፍ ከመታህ ምቱ ሁሉ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፣ ደህናውንም ዋንጭ ትቦረቡረዋለህ። ከባድ መዶሻ ውሰድና አንድ ጊዜ በደንብ ምታ። በትንሽ መዶሻ ደጋግመህ ከነካካሃት ጫፏ ይጨፈለቅና ከዚያ በኋላ በመሰርሰሪያ ካልሆነ አትወጣም።

ፔዳሉን ራሱን ከክንዱ የምትፈታ ከሆነ ግራው በተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ በሰዓት አቅጣጫ። ቤቱን ስትከፍት ደግሞ በካቴናው በኩል ያለውን ዋንጭ አትንካው፣ የብሎን ጥርሱ ግራ ነው፣ በተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ ጠብቆም ነው የሚገኘው። በግራው በኩል ከፍተህ በባትሪ መብራት እየው፣ ይበቃሃል።

---

ባለሁለት_ጎማ

ቱቦ አገኘሁ። መዶሻ ከጎረቤት እዋሳለሁ። የዋንጮቹን ፎቶ ነገ እለጥፋለሁ።

---

ማርሽ_ሦስት

ፎቶ ስታነሳ ኳሶቹን ቁጠራቸው፣ ይበተናሉ። ከሥር ጨርቅ አንጥፍ።